ፓስወርዱ በማን እጅ ይሁን

የታችኛው ሰፈር የጋራ ዋይፋይ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ዓርብ ነሐሴ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ቦንጋ፣ የሰብሳቢው የጋሽ ሣህሌ በረንዳ (ጸሐፊዋ ጣሪያው በሚያፈስበት በኩል ተቀምጠዋል)
የተጠራበት ሰዓት፦ 8፡00። የተጀመረበት ሰዓት፦ 9፡05።

የተገኙ
1. ጋሽ ሣህሌ፣ ሰብሳቢ፣ የመንግሥት ጡረተኛ። ዋይፋዩ የተተከለው እሳቸው ቤት ነው፤ ፓስወርዱን የሚያውቁትም እሳቸው ብቻ ናቸው።
2. አቶ አብዱልሰመድ፣ ባለሱቅ። ዋይፋዩ ወደ ሱቃቸው እንዲዛወር ይፈልጋሉ።
3. ወ/ሮ ረቢያ፣ ልብስ ሰፊ፣ የአቶ አብዱልሰመድ ባለቤት።
4. መምህር ሰብሃት፣ ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡ ተከራይ።
5. ወ/ሮ ተሾመች፣ ጸሐፊ።

ያልተገኙ፦ አቶ ሐዲስ ቀፎ ሊሰቅሉ ወደ ማንኪራ ሄደዋል። ወ/ሮ ህይወት ለቅሶ ለመድረስ ወደ ደካ ሄደዋል። አቶ ዋለ፣ ሰብሳቢው ባለፈው ሳምንት ከዋይፋዩ ስላስወጧቸውና ጥሪው የተላለፈው በቴሌግራም ስለሆነ ስብሰባ መኖሩን አያውቁም።

ከስምንት አባላት አምስት በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ለጥቂት ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ምርጫው ፍትሐዊ እንዲሆን ኢንተርኔቱን ስለመዝጋት

አቶ አብዱልሰመድ፣ ሰብሳቢው ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ ምርጫ ፓስወርዱን እንደያዙ፣ የተጣላቸውን ሰው እያስወጡ የሰላምታ አጸፋ ያልነፈጋቸውን እንደሚያስገቡ አስረድተዋል። ሰብሳቢው ለምርጫ ዝግጁ መሆናቸውን ገልጸው፣ ሆኖም በምርጫ ቀን በኢንተርኔት ሐሜት እንዳይነዛ ዋይፋዩ ለጊዜው ይዘጋ አሉ። መምህር ሰብሃት ይህ የተለመደ አሠራር ነው ሲሉ ደገፉ።

ጸሐፊዋ የማታ ተማሪዎች የዘጠነኛ ክፍል ምዝገባ በኢንተርኔት ብቻ እንደሆነና ዛሬ 11፡00 ላይ እንደሚዘጋ፣ ትናንትና ከትናንት ወዲያ መብራት እንዳልነበረ፣ ሰፈሩ ቁልቁለት ስር ስለሆነም የስልክ ዳታ እንደማይገባ አስታውሰው፣ አሥር ደቂቃ ብቻ እንዲታገሷቸው ጠየቁ። ሰብሳቢው፣ “እትዬ ተሾመች፣ በዚህ ዕድሜ ዘጠነኛ ክፍል ምን ያደርግልዎታል?” አሉ። ጸሐፊዋም፣ “በዚህ ዕድሜ ዋይፋይ ማስተዳደርስ ለእርስዎ ምን አደረገልዎ?” አሉ። ሁለቱም ጥያቄዎች በይደር ተያዙ።

ከረዥም ውይይት በኋላ እንዲዘጋ ተወሰነ። ሰብሳቢው ገብተው ሶኬቱን ነቀሉ። ሰዓቱ 9፡40 ነበር።

አጀንዳ 2፦ ምርጫ

ለፓስወርድ ያዥነት ጋሽ ሣህሌና አቶ አብዱልሰመድ ቀረቡ። ምርጫው ምስጢራዊና ዘመናዊ እንዲሆን በቴሌግራም ይካሄድ ተብሎ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። አባላት ስልካቸውን አወጡ። ሩብ ሰዓት ያህል ስልክ ስልካቸውን ካዩ በኋላ ወ/ሮ ረቢያ፣ “ኢንተርኔቱን እኮ አሁን ዘጋችሁት” አሉ። ሰብሳቢው ድምፅ ለመስጠት ብቻ ለራሳቸው ስልክ ይከፈት፣ የሌላውንም ድምፅ ተቀብለው ይልካሉ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ከአቅራቢው በስተቀር ደጋፊ አላገኘም።

ስለዚህ ለጋሽ ሣህሌ የቡና ፍሬ፣ ለአቶ አብዱልሰመድ የበቆሎ ፍሬ ወደ ጆግ እንዲጣል ተወሰነ። መምህር ሰብሃት ታዛቢ ሆነው ስለተሰየሙ አልመረጡም። አቶ አብዱልሰመድ በካፊኖኖ ረዥም የምርጫ ቅስቀሳ አደረጉ፤ በዚህም በአገሩ ከባድ ስድብ የሆነውን “የቀፎ ሌባ” ለውጠው ጋሽ ሣህሌን “የዋይፋይ ሌባ” አሏቸው፤ ጋሽ ሣህሌም በዚያው ቋንቋ የአባታቸውን ስም ጠርተው መለሱ። ቋንቋውን የማይሰሙት ታዛቢ፣ ቅስቀሳው በሰለጠነ መንገድ መካሄዱን መዘገቡ።

ጆጉ ሲገለበጥ አራት ቡናና ሦስት በቆሎ ተገኘ። መራጮቹ አራት ናቸው። ታዛቢው ከፍተኛ የሕዝብ ተሳትፎ መታየቱን አደነቁ። አቶ አብዱልሰመድ፣ ሦስቱ በቆሎ የራሳቸው መሆኑን ባለማወቅ ተናግረው፣ ታዲያ የባለቤቴ ድምፅ የት ገባ ሲሉ ጠየቁ። ወ/ሮ ረቢያ፣ “አብዱል፣ ዋይፋዩ ሱቅ ከገባ አንተ ቤት ትገባለህ?” ብለው መለሱ። ይህ የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ ዝርዝሩ አልተመዘገበም፤ ሃያ ደቂቃ ወስዷል።

ውጤቱ ስላላስማማ በመጨረሻ ሥልጣን ይከፋፈል ተባለ። የአዲሱን ፓስወርድ የመጀመሪያ አምስት ፊደላት ጋሽ ሣህሌ፣ የመጨረሻዎቹን አምስት አቶ አብዱልሰመድ እንዲይዙ፣ አንዱ ፊደሉን ሲያስገባ ሌላው ፊቱን ወደ ጫካው እንዲያዞር ተወሰነ። ሁለቱ ከስድብ በቀር ላይነጋገሩ ከማሉ ስድስት ወር መሆኑ ለአፈጻጸሙ እንቅፋት እንደማይሆን ታምኖበታል።

አጀንዳ 3፦ የጸሐፊዋ ጥያቄ (በአጀንዳ ያልተያዘ)

10፡35 ላይ ጸሐፊዋ አስፋልቱ ዳር ወዳለው ኢንተርኔት ቤት ለመሄድ ፈቃድ ጠየቁ። ሰብሳቢው፣ “እርስዎ ከወጡ አራት ቀረን፤ ምልዓተ ጉባኤ ይጎድላል። ደግሞስ ማን ይጽፋል?” አሉ። ጸሐፊዋ፣ ፊደል የቆጠሩት በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው እንደሆነ፣ እዚህ በረንዳ ላይ አራቱም ከሳቸው በፊት የተማሩ መሆናቸውንና ማንም እስክሪብቶ ሊያነሳ እንደሚችል ተናገሩ። ማንም አላነሳም።

ጸሐፊዋ መዝገቡን በፌስታል ጠቅልለው፣ ጃንጥላ ይዘው ተነሡ። ሰብሳቢው ተቆጥተው፣ “ከወጡ ስብሰባው ፈርሷል! የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል!” አሉ። መምህር ሰብሃት ለመዝገቡ ግልጽ እንዲሆን ሁሉም ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው፣ “ሁሉም! ከአንደኛው አጀንዳ ጀምሮ!” አሉ።

ጸሐፊዋ ወጡ። ወ/ሮ ረቢያ፣ “እንግዲያው መዝጋቱም ተሽሯላ!” ብለው ወደ ውስጥ ገቡና ሶኬቱን ሰኩ።

ጸሐፊዋ ከአጥሩ ውጭ አምስት እርምጃ ሳይራመዱ ስልካቸው ዋይፋይ አግኝቶ በቦርሳቸው ውስጥ ጮኸ። ቆሙ። ከዚህ በኋላ ያለው ከአጥር ውጭ የተሰማ ነው።

ሰብሳቢው ስብሰባው እንደገና መከፈቱንና ዋይፋዩ እንደገና ይዘጋ የሚል አስቸኳይ ሐሳብ መቅረቡን አስታወቁ። መምህር ሰብሃት ቆጥረው አራት ነን አሉ። ሰብሳቢው በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ “እትዬ ተሾመች፣ ዝናብ ይመታዎታል፣ ይግቡ እንጂ” አሉ። ጸሐፊዋ ዝናቡ እንደሚሻላቸው ገለጹ። አቶ አብዱልሰመድ፣ ጋሽ ሣህሌን እንዳያናግሩ የማሉትን ረስተው፣ “ጎትተን እናስገባት?” አሏቸው። ወ/ሮ ረቢያ መቀስ ይዘው የአጥሩ በር ላይ ቆሙ። መቀሱ ከስብሰባው በፊት ለሥራ የያዙት ነው።

ጸሐፊዋ የምዝገባ ቅጹን በስልካቸው ሲሞሉ የአባት ስም የሚለውን ቦታ ሁለት ጊዜ ተሳስተው አረሙ። 10፡57 ላይ “ምዝገባዎ ተጠናቋል” የሚለውን ጸሐፊዋ ራሳቸው አነበቡ፤ ማንንም አላስነበቡም።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በዛሬው ዕለት ስለ መዝጋት፣ ስለ ምርጫ፣ ስለ ጆጉና ስለ ፓስወርዱ ግማሽ ግማሽ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል። ፓስወርዱ ጋሽ ሣህሌ ጋ፣ ቅሬታው አቶ አብዱልሰመድ ጋ እንደነበረ ይቆያል።

ስብሰባው 10፡58 ላይ ሰው በማጣት ተበተነ። ጸሐፊዋ ከመስከረም ወር ጀምሮ ማታ ማታ ትምህርት ስላለባቸው ኮሚቴው ሌላ ጸሐፊ እንዲፈልግ ያሳስባሉ።

ተሾመች (ፊርማ)