ሸረፈዲንን ለምክር ቤት ያጨው ገጽ

ከአላዋቂነት ዘመኔ የቀረ አንድ ስሕተት አለብኝ፤ ሳልሸሽግ ልናገረው። ሕዝብ ማለት አንድ ስፍራ የሚኖር፣ የሚያስነጥስ፣ በቆቦ ሐሩር ጥላ የሚሻማ፣ ስሙን ሲጠሩት «አቤት» የሚል ፍጡር ይመስለኝ ነበር። ሕዝብ ማለት በስልክ ላይ አውራ ጣቱን ያነሣ ሁሉ መሆኑን የተረዳሁት ፌስቡክ ከተማችን በገባ ሰሞን ነው።

የነገሩ መነሻ ማራገፊያው ሜዳ ነው። ከሮቢትና ከዋጃ የሚመጣው ማሽላና ሽንኩርት የሚወርደውም፣ ወደ ደሴ የሚሄደው የሚጫነውም እዚያ ነው። ጫኝና አውራጆቹ ከዚያ ሜዳ በቀር እንጀራ የላቸውም። የእህል ነጋዴው አቶ ገዛኸኝ ግን ሜዳውን አጥሮ መጋዘን ሊያደርገው አሰበ፤ የሚወስነውም በቅርቡ የሚመረጠው የወረዳው ምክር ቤት ነበር። ይህን ጊዜ እኛ የነቃነው ተነሣን። እኔ የታሪክ መምህር፣ መሠረት የመድኃኒት ቤት ባለቤት፣ ሌሎቹም እንደኛው ናቸው። «ላብ አደሩን የሚወክለው ላብ አደር ይሁን!» ስንል ወሰንን። ከመካከላችን ከስክሪብቶ የከበደ ነገር የተሸከመ አልነበረም፤ ይህም ጉዳዩን በገለልተኝነት እንድንመራው ረዳን።

ዕጩያችን ሸረፈዲን ሆነ። ኩንታል ተሸክሞ የሚቀልድ፣ ሜዳው ሁሉ የሚሰማው አውራጅ ነው። መሠረት ከነሸክሙ ከኋላው ፎቶ አነሣችው።

«ፊቱ አይታይም እኮ» አልኳት።

«እሱ ነው ቁም ነገሩ! ማንም ላብ አደር ራሱን ያይበታል።»

«ጫንቃ ለሕዝብ» የተሰኘው ገጽ እንዲህ ተወለደ፤ እንደ ጎሊና ወንዝ ጎርፍም ሞላ። ከጅዳ እስከ ጁባ ያለ ወገን ላይክ አዘነበ። የኮሜንት መላሽ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ። የምርጫ ምልክታችን ጆንያ ይሁን ወይስ ግመል በሚለው ላይ የጁባው ደጋፊያችን «ጆንያ የጭቆና ምልክት ነው» ብሎ ሰባት አንቀጽ ጻፈ፤ የጅዳው ደግሞ «ግመል ትታገሣለች፣ ግን ትነክሳለች» ሲል መለሰለት። እንዲህ ያለ ከፍ ያለ ክርክር አገራችን አይታ አታውቅም። ለዕጩው ግን መታጨቱን የነገረው ሰው አልነበረም።

አንድ ረፋድ ሸረፈዲን አቧራውን እያራገፈ እኔና መሠረት ካለንበት መድኃኒት ቤት ገባ።

«መምህር፣ የዋጃ ሾፌሮች ‹ክቡርነትዎ› እያሉ ጥሩምባ ይነፉብኛል። ምን አጥፍቼ ነው?»

«ዕጩያችን ነህ!»

«ማን ጠየቀኝ?»

መሠረት ስልኳን ዘረጋችለት። «ይኸው፣ አራት ሺህ ሰው!»

አገላብጦ አየው። «ወላሂ፣ ጀርባዬ ነው» አለ። «እና ይኼ ሁሉ ሰው አንድም ቀን ደጄ ሳይመጣ?»

በእኛ አገር ሰው ራሱን ለሹመት አያቀርብም፤ ነውር ነው። ሽማግሌ ከደጁ ተቀምጦ ይለምነዋል፤ ደጅ ተቀምጦ የለመነ ሽማግሌም ባዶውን አይመለስም። ኮሚቴያችን ባህል አክባሪ ነው። ይሁንና ባህል መዘመን ስላለበት ሽማግሌዎቹን በገጻችን ድምፅ አስመረጥን። የጅዳው፣ የጁባው፣ እንዲሁም በፎቶው ምትክ አንበሳ የለጠፈ አንድ ወገን አሸነፉ። በቀጠሮው ቀን በርጩማ ከሸረፈዲን ደጅ አስቀምጠን ስልኩን በክብር አቆምንበት።

ሚስቱ ኡሙሃኒ ብቅ አለች። «እታለም፣ ሽማግሌዎቹ የታሉ?»

«እዚህ ውስጥ ናቸው» አለች መሠረት።

«ታዲያ ምን ላቅርብላቸው? ቻርጀር?»

የጅዳው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቢስሚላህ! ልጃችን ሸረፈዲን ሆይ፣ ደጅህ የመጣነው...» ኔትወርኩ ሄደ። ሽማግሌው አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ። ጎረቤቱ ሁሉ ከአክብሮት ብዛት ጸጥ አለ።

«ዱዓ እናድርግለት እንዴ?» አለች ኡሙሃኒ።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሸረፈዲንም ዕንባውን ጠረገ። «መምህር፣ እኔ እምቢ አላልኩም። ሜዳው እንጀራዬ ነው። በእግሩ የመጣ ሰው ይቀመጥና ይለምነኝ፤ በዚያው ጀንበር እሺ ነኝ። እናንተስ ለምን አትቀመጡም? ድንጋዩ ያውና!»

«እኛ አስተባባሪዎች ነን» አለች መሠረት። «የሽማግሌነት ውክልና ከገጹ አልተሰጠንም።»

ውክልናውን ጠየቅን። «በእግራቸው የሚሄዱ ሽማግሌዎች ይላኩ ወይስ አይላኩ?» የሚል የድምፅ መስጫ ለጠፍን። አንዱ አሳቡን ኋላ ቀር አለው፤ አንዱ እዚያው ሥር ፍየል ለሽያጭ አቀረበ፤ ውይይቱም እየጠለቀ ሄደ።

አቶ ገዛኸኝ ፌስቡክ የለውም፤ ስልኩ ከጥሪ በቀር የምታውቀው ባትሪ ማብራት ብቻ ነው። ይህ ያልሠለጠነ ሰው ከጎብዬ ሦስት ሽበታም ሽማግሌዎች አስከትሎ ሄደና ከሸረፈዲን ደጅ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

«ልጄ፣ ገዛኸኝ ለምክር ቤት ይወዳደራል» አሉ ትልቁ። «የአንተንና የጓደኞችህን ድምፅ ልንለምን መጣን። አታሳፍረን።»

«ሜዳውስ፣ አባባ?»

«እሱን ኋላ ትነጋገራላችሁ።»

ኡሙሃኒ ከጓዳ «ተው!» አለችው። ሸረፈዲን ከከተማ የሚመጣውን መንገድ አሻግሮ ብዙ አየ። የሚመጣ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ አልተነሡም። እሺ አለ።

በማግስቱ ሜዳው ላይ አገኘሁት። «ጠብቄያችሁ ነበር» አለኝና ጆንያውን አነሣ።

የእኛም ድምፅ መስጫ በታላቅ ድል ተጠናቀቀ፤ ሽማግሌ ይላክ የሚለው አሸነፈ፤ ያን ጊዜ ግን የዕጩዎች ምዝገባ ተዘግቶ ነበር። ውጤቱን በርችት አስጊጠን ለጠፍነው፤ የጁባው ወገንም ቀድሞ ላይክ አደረገ።

አቶ ገዛኸኝ በጫኝና አውራጆች ድምፅ ተመረጠ። ሜዳው ታጠረ። የአጥሩን ቆርቆሮ ከመኪና ያወረዱት ሸረፈዲንና ጓደኞቹ ናቸው።