የጸጥታው ኃላፊ ክቡር ሰማታር

በየሰፈሩ አንድ ዝም ማለት የማይችል ሰው አለ። ከሌለ ያ ሰፈር ገና ተሠርቶ አላለቀም። ለዒድ በግ ገዝተህ ደስ እያለህ ስትገባ ይህ ሰው በር ላይ ይጠብቅሃል፤ የበጉን ጥርስ ገልጦ ያይና "ቆይ፣ ይህን የሸጠልህ ማን ነው?" ይልሃል። ከዚያ በኋላ በጉን ባየኸው ቁጥር ያስጠላሃል።

መድና ለምትኖርበት ሰፈር የደረሱት ክቡር ሰማታር ናቸው። ክብሩን የሰጣቸው መንግሥት አይደለም፤ የሰፈሩ ሰው ነው፣ ያውም ተማርሮ። ከምድር ባቡር በጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚነዱት ባቡር ስለሌለ ሰፈሩን ይነዳሉ። ንግግራቸው ሁሉ "እኔን ብትሰሙኝ" ብሎ ይጀምራል። የሚሰማቸው ኖረም አልኖረም ይቀጥላል።

ድሬዳዋ በቀትር ትተኛለች። ሙቀቱ ሲበረታ ሱቁ ይዘጋል፣ ጋሪው ዛፍ ጥላ ሥር ይቆማል፣ ውሻ እንኳ ጩኸቱን ለማታ ያስተላልፈዋል። ሰማታር ብቻ አይተኙም። ቤታቸው ከመድና ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል፤ እሷ ገና ጋደም ስትል ግድግዳው ይናገራል።

"ወላል መድና፣ እህቴ፣ ተኝተሻል?"

"አዎ።"

"ታዲያ እንዴት ትመልሺያለሽ?"

መድና የቀትር እንቅልፍ የሚባለውን ነገር የምታውቀው ሌሎች ሲያወሩት ነበር።

የልጅ ልጇ ሑዳ ከቀበሌው የኪነት ቡድን ጋር ስትዘፍን ያደገች ልጅ ናት። ሙዚቃ ቤት ያለው ቡራሌ የመጀመሪያ ካሴቷን ላውጣላት ባለ ጊዜ ደስታውን ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድመው የወሰዱት ሰማታር ናቸው። ዘፈኖቹን አንድ በአንድ ሰሙ። ባቡር የሌለበት የናፍቆት ዘፈን ናፍቆት እንዳልሆነ ለገጣሚው አስረዱት። ለሽፋኑ ፎቶ ስትነሳም አብረው ሄደው አገጯን ሲያስተካክሉ ዋሉ፤ ፎቶው ሲታጠብ በአንዱ ጥግ የሳቸው ጣት ወጣች።

ያኔ ደግሞ ዘፈን ለብቻ፣ ሙዚቃ ለብቻ አይቀዳም። ዘፋኟም ተጫዋቾቹም አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው ከዳር እስከ ዳር ይወጡታል፤ አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም እንደገና ይጀምራል። የቡራሌ ሱቅ ወደ ቀፊራ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነ ከጋሪና ከሻጭ ጩኸት የሚያርፍበት ጊዜ የለም። ስለዚህ በመንገድ በኩል ግድግዳው ወፍራም የሆነው የመድና ቤት ተመረጠ፤ ሰዓቱም ከተማው የሚተኛበት ቀትር ሆነ። ተጫዋቾቹ የሆቴል ባንድ ናቸው፤ በዚያው ቀን ባቡር ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ። ቡራሌ ደግሞ ነገሩን ሳያለሳልስ ለሑዳ ነግሯታል፤ ካሴቱ ለአረፋ ካልደረሰ የሚገዛው የለም፣ የሚገዛው ከሌለ እሱም ሌላ ዘፋኝ ይፈልጋል።

በየግድግዳው ብርድ ልብስ ሲሰቀል ከወዲያ በኩል ሳል ተሰማ። ሁሉም ዞር ብለው መድናን አዩ።

እሷም ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሰማታር ደጃፍ ሄደች። "አንተ ሰማታር፣" አለች፣ "ዛሬ የጸጥታ ኃላፊው አንተ ነህ። ሰፈሩን ዝም የሚያሰኝልኝ ካንተ ሌላ ሰው የለኝም።"

ሰማታር አሰቡበት። "ሹመቱ በጽሑፍ ነው?"

"በቃል ነው።"

"ይሁን። ግን ዱላ ያስፈልገኛል።"

ሥራውን ሠርተውታል፣ ሐቁን መናገር ይገባል። ሙቀጫ የሚወቅጡትን ሴቶች አስቆሙ። ቆርቆሮ ቀጥቃጩን ቤቱ ልከው አስተኙት። ፍየሎቹን ወደ አሸዋው ወንዝ ነዱ። የሚያለቅስ ሕፃን እናቱ ጡት እስክታጎርሰው ድረስ በራፉ ላይ ቆመው ጠበቁ። ሰፈሩ ከተቆረቆረ ወዲህ እንዲያ ዝም ብሎ አያውቅም። ሑዳም ዘፈኖቹን እያከታተለች ወጣቻቸው።

የቀረው የመጨረሻው፣ ለስላሳው ዘፈን ነበር። መሐሉ ላይ ሙዚቃው ሁሉ ያቆምና ሑዳ ለብቻዋ "ልቤን ልንገርህ ወይ?" ትላለች፤ ከዚያ ትንፋሽ የምታህል ዝምታ ናት። በዚያች ዝምታ ላይ አንድ ባለ ጋሪ እያፏጨ በመስኮቱ ሥር ብቅ አለ። ፉጨቱን ማንም አልሰማውም። የተሰማው የኃላፊው ድምፅ ነው።

"ወሪያ! ዝም በል! ልጅቷ እየዘፈነች ነው!"

ሳክስፎን ነፊው ዓይኑ ፈጠጠ። ቡራሌ ግን ቀጥሉ ብሎ እጁን አወናጨፈ፤ ሑዳም እንባዋን ይሁን ሳቋን ውጣ ቀጣዩን ስንኝ ያዘች። ዘፈኑን እንደገና ለመቅዳት ሲነሱ የባቡሩ ሰዓት ደረሰ። ቡራሌ ራሱን ይዞ ካሰበ በኋላ የሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ይግባ፣ እስከዚያ የሚያዳምጥ የለም አለ። ግጥሞቹን የሳንሱር ክፍል ቃል በቃል አይቶ አሳልፏቸዋል፤ በዚያ ካሴት ላይ ሳይመረመር ያለፈ ንግግር የሰማታር ብቻ ነው።

ሰማታር ዱላቸውን ተደግፈው ገቡና ጸጥታው እንዴት እንደነበር ጠየቁ።

"የሚረሳ አይደለም፣" አለች መድና።

ካሴቱ ለአረፋ ዋዜማ ወጣ። ሰማታር ነጭ ሸሚዛቸውን አስተኩሰው፣ ከሱቁ በራፍ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ድምፅ ማጉያው ሲዘፍን እሳቸው ለአላፊ አግዳሚው ያብራራሉ። የመጨረሻው ዘፈን ላይ ተደረሰ። "ልቤን ልንገርህ ወይ?" አለች ሑዳ። መንገዱን በሙሉ የሞላ ድምፅም "ወሪያ! ዝም በል!" አላት።

መንገዱ በሳቅ ፈነዳ። ሰማታር ድምፁ የማን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ተነሡ። ሑዳ "አደር! አደር ሰማታር!" እያለች እንደ አጎቷ ብትጠራቸውም ዞር አላሉም።

ከዒዱ በኋላ ግድግዳው ዝም አለ። መድና በቀትር ጋደም ትላለች፤ ሳል የለም፣ እኔን ብትሰሙኝ የለም። ዕድሜዋን ሙሉ የተመኘችው ጸጥታ ይኸው መጣላት፤ እሷ ግን ጣሪያ ስትቆጥር ትውላለች። አንድ ቀን ግድግዳውን አንኳኳች።

"ሰማታር፣ ተኝተሃል?"

ደግማ አንኳኳች፤ ከዚያ ተነሥታ ሄደች። መስኮቱን ዘግተው ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

"ልጅቷ የለፋችበትን አበላሸሁት፣" አሉ ሰማታር። "ሰው የሚስቀው በኔ ቢሆን ግድ የለኝም። በሷ ነው።"

"ተነሥ፣" አለች መድና። "ቀፊራ እንሂድ።"

ቀፊራ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ከአንድ ገዢ ጋር ስትከራከር ደረሱ። በአጠገቧ ካለው ሱቅ የሑዳ ዘፈን ይሰማል። ያቺ ዝምታ ስትደርስ ሻጯም፣ ጎረቤቶቿም፣ በርበሬ የምትሰፍረዋም ባንድ ድምፅ ወደ ገዢው ዞረው "ወሪያ! ዝም በል! ልጅቷ እየዘፈነች ነው!" አሉት። ሰውዬው ሳቀና በተባለው ዋጋ ገዛ።

ቡራሌ ሱቅ ደግሞ ሑዳ ካሴት ስታቀብል እጇ አይበቃትም። ቡራሌ ብልሃት አስቦ ያንን ዘፈን አውጥቶ የቀዳቸው ካሴቶች ነበሩት፤ ሰው ሁሉ ሰውዬው የሉበትም፣ ጎደሎ ነው እያለ መልሶለታል። ሑዳ ሰማታርን ስታይ ከሱቁ ወጥታ እጃቸውን ሳመች። "አደር፣ ለሚቀጥለው ካሴትም ይመጣሉ አይደል?" አለቻቸው።

ሰማታር ድምፅ ማጉያውን ትኩር ብለው አዩት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እኔን ብትሰሙኝ፣" አሉ፣ "ድምፄ ትንሽ ከፍ ማለት ነበረበት።"

ከዚያ ወዲያ የሚቻሉ ሰው አልሆኑም። ካሴቱ እሳቸውና ሑዳ ያወጡት ካሴት ሆነ።

በዓመቱ ጅቡቲ የምትኖረው ልጃቸው መጥተው ይጠይቁኝ ብላ ወሰደቻቸው። መድና በቀትር ጋደም አለች። ግድግዳው ዝም ብሏል። ወዲያ ተገላበጠች፣ ወዲህ ተገላበጠች። በመጨረሻ ተነሥታ፣ መሠረተ ትምህርት ስትማር በያዘችው እርሳስ የካሴቱን ክር እያጠነጠነች ወደምትፈልገው ቦታ አደረሰችውና ቴፑን ከፈተች።

"ልቤን ልንገርህ ወይ?" አለች የልጅ ልጇ።

"ወሪያ! ዝም በል! ልጅቷ እየዘፈነች ነው!"

"እሺ፣" አለች መድና። ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዙራ ድብን ያለ እንቅልፍ ተኛች።