የሊቀ አራዊት ውብእሸት ሳፋሪ

ሀበሻ በተሰደደበት ከተማ ሁሉ ማንም ያልሾመው አንድ አስጎብኚ አይጠፋም። መንገዱን ያውቃል፣ ሕጉን ያውቃል፣ የመድኃኒቱን ዓይነት ያውቃል። የማያውቀው ነገር ቢኖር አለማወቁን ብቻ ነው።

በአቡዳቢ ይህን ታላቅ ሥልጣን የያዙት ክቡር አቶ ውብእሸት ናቸው። ሙሳፋህ ሰፈር ውስጥ የታወቁ የአየር ማቀዝቀዣ (ኤሲ) ጠጋኝ ሲሆኑ፣ የገዛ መኪናቸው ኤሲ ግን ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። ምክንያቱን ብትጠይቋቸው «ኤሲ ሰውን ያሰንፋል» ይሏችኋል። ከዚህ በላይ «እሳቸው» ማለት አይሆንልኝም፤ አሥራ አንድ ዓመት አብሬው የተጨቃጨቅኩ ሰው ነው።

ኮሮና የገባ ሰሞን «ሙቀት አይችልም፣ ሰኔ ላይ ኸላስ፣ አለቀለት!» ብሎን ነበር። ሰኔ ገባ፤ አርባ ስምንት ዲግሪ ሆነ፤ ኮሮናው ንቅንቅ አላለም። ውብእሸት ግን አላፈረም። «ይኼኛው የቆላ ዘር ነው» አለ።

ወርቅነሽ የምትባል እህታችን አል ፈላሕ ሰፈር በአንድ ቪላ የሰው ልጆች ታሳድጋለች። በሽታው ከገባ ጀምሮ ዓመት ሙሉ ከግቢው ወጥታ አታውቅም። ጥቅምት ላይ አባቷ ደብረ ታቦር ሲያርፉ መርዶዋን በስልክ ሰማች። ሀገር ቤት መግባት አልቻለችም፤ መሰብሰብ ክልክል ነበርና እኛም አልደረስንላትም። በ2013 መጋቢት ማዳሟ አንድ ዓርብ ፈቀደችላት። ትእዛዙ አጭር ነበር፦ «ሰው ያለበት ቦታ ማፊ፣ የለም! እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት እቤት። ትኩሳት ይዘሽ ከመጣሽ በሩ አይከፈትም።»

ውብእሸት ይህን ሲሰማ ደረቱን ነፋ። «ሰው የሌለበት ቦታ? ለእኔ ተዉት! ቱሪስት ሰምቷቸው የማያውቅ የአራዊት ጥብቅ ቦታዎች አሉ። ዓይኔን ጨፍኜ እሄድባቸዋለሁ።» እንዲህ ሲል ሳፋሪ አወጀ፤ እኔም የዚያኑ ቀን «ሊቀ አራዊት» ብዬ ሾምኩት። ለአንድ መኪና የሚፈቀደው ሦስት ሰው ብቻ ስለነበር ሦስተኛው እኔ ሆንኩ። የተማሪ አውቶብስ ሾፌር ነኝ፤ ተማሪው እቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ተጥዶ ስለሚማር ጊዜ ተርፎኛል።

መጀመሪያ የወሰደን ወትባ፣ ፍላሚንጎ የሚባሉት እግረ ረጃጅም ወፎች የሚያርፉበት ረግረግ ነው። «ቀዩ ወንድ፣ ነጩ ሴት» ብሎ አስረዳን። ወርቅነሽ አጠገባችን ያለውን ሰሌዳ አነበበችና «ጋሼ፣ ቀለሙ ከሚበሉት ነው የሚመጣው ይላል እኮ» አለችው።

«ሰሌዳው የድሮ ነው» አለ።

ቀጥሎ አል ዐይን፣ ጀበል ሐፊት ተራራ ሥር ቆመን ወደ ገደሉ አንጋጠጥን። «ያውላችሁ የበረሃ ፍየል!» አለ። ግማሽ ሰዓት አየነው።

«አይንቀሳቀስም» አልኩት።

«ጠንቃቃ ነዋ!»

ድንጋይ ነበር።

ሦስተኛው ቦታ ከአል ዐይን ወዲያ ማዶ፣ ከአንድ ጠባቂ በቀር ነፍስ የሌለበት በረሃ ነው። ጠባቂው ፓኪስታናዊ ሽማግሌ ነበር። የሙቀት መለኪያውን ወርቅነሽ ግንባር ላይ ደገነ፤ ደህና ናት። እኔም ደህና። ውብእሸት ጋ ሲደርስ መሣሪያው ጮኸ፦ ሠላሳ ስምንት ነጥብ ሁለት። ለነገሩ በዚያ መኪና መሪ የያዘ ሰው አለመቀቀሉም ተአምር ነው።

«የታመመውስ መሣሪያው ነው» አለ ውብእሸት።

ወርቅነሽ ግን ሁለት ጭምብል ደርባም መደንገጧ ታየ። «ጋሼ፣ እውነት ታመህ ከሆነ እኔ ዛሬ የት ነው የማድረው?»

ጠባቂው በእጁ ዛፍ አሳየን፤ ጥላ ሥር ሩብ ሰዓት ቀዝቅዘን እንድንመለስ።

ዛፉ ሥር ምንጣፍ አነጠፍን። ውብእሸት ከመኪናው ዘንቢል አወጣ። ሳንድዊች ጠብቄ ነበር፤ ያወጣው ግን ንፍሮ ነው። ስንዴና ሽምብራ፣ ራሱ የቀቀለው፤ ሽምብራው እንደ ጠጠር የሚንኳኳ። በሦስት ሰሃን አቀረበና ከወርቅነሽ ሁለት ሜትር ርቆ ተቀመጠ።

«ወርቄ» አላት፣ «እግዜር ያጽናሽ። ዘግይተናል።»

ሰሃኑን አየች፤ እሱን አየች። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች።

«ሳፋሪ ነው ብለኸኝ አልነበር?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ዝም በል። ለቅሶ ላይ ነህ።»

«ልጆቹ እንዳይደነግጡ ቧንቧ ከፍቼ ነበር የማለቅሰው» አለች፣ ትንሽ ሲወጣላት። ቀጥላ ስለ አባቷ አወራችን። ወፍጮ ቤት ነበር የሚሠሩት፤ ቅንድባቸው ሳይቀር ዱቄት የለበሰ። አንድ የፋሲካ ዋዜማ ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው ሲገቡ ታናሽ ወንድሟ «እማ! የማላውቀው ሰውዬ መጣ!» ብሎ እየጮኸ ጓሮ ሮጠ። ይህን ስትናገር በእንባዋ መሃል ሳቀች።

እኔ ውብእሸትን ነበር የማየው። አሁን ስለ ወፍጮ ያብራራል ብዬ ጠበቅኩ። ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ዱቄት ጠባይ። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሙሉ ያ ሰው ምንም ነገር አላብራራም።

ጠባቂው ሩብ ሰዓቱ ሲሞላ መጥቶ ነበር። የምታለቅስ ሴት ሲያይ ምንም ሳይጠይቅ ሦስት ጠርሙስ ውኃ አስቀምጦ ተመለሰ። በኋላ ሲለካው ውብእሸት ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስምንት ሆኖ ተገኘ፤ ገባን።

ጥቂት እንደነዳን ሳላ የሚባሉትን የበረሃ እንስሳት አገኘን። ቀንዳቸው እንደ ጦር የቀና አምስት ነጫጭ አራዊት፣ አንዲት ግልገልም ሥራቸው። ሊቀ አራዊት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሴት ሳላ ቀንድ የላትም። እነዚህ ሁሉም ወንዶች ናቸው።»

ይህን ሲል ከወንዶቹ አንዱ ግልገሏን ያጠባ ነበር።

አፌን ከፈትኩ። ወርቅነሽ ከኋላ ወንበር በዓይኗ ከለከለችኝ። «አዎ ጋሼ» አለች፣ «ወንዶች ናቸው።»

ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አል ፈላሕ ደረስን። ማዳም በሩ ላይ መለኪያዋን ይዛ ቆማለች። ለካቻት፤ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየች፤ በሩን ከፈተችላት። ልጆቹ እየጮኹ ሲጠመጠሙባት ከመኪናው ሆነን ሰማን።

ሙሳፋህ መግቢያ ስንደርስ ውብእሸት ፍጥነቱን ቀነሰ። ከዚያ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል «ስማ» አለኝ። «ያ የሚያጠባው… ሴት ነበረች አይደል?»

አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኩት ቀን መጣ። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ዞሬ አየሁት፤ አንገትጌው በላብ ርሷል፤ ጣቶቹ ሽምብራ ሲቀቅል በእንፋሎት ተቃጥለው ቀልተዋል።

«ወንድ ነበር» አልኩት።

«አላልኩህም!» አለና ስለ ሳላ ጠባይ ማብራራት ጀመረ።