መጋቤ ልክና የተሰፋው ማዳበሪያ

ልኩን ሳያውቅ አንድ ጉርሻ የማይጎርስ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። የቢቸናው አካለ ወልድ ነው፤ ሰፈሩም ማዕረግ ሰጥቶታል፦ መጋቤ ልክ። ልጁ በተወለደች ጊዜ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ከማለቱ በፊት «ስንት ኪሎ ናት?» ያለ ሰው ነው። ሚስቱ ብሩክታይት ይህን አልረሳችለትም። የኩሽናውን በር በሦስት አናጢ አስለካ፤ «መጀመሪያ ልኩ ይታወቅ!» እያለ ኩሽናው እስከ ዛሬ በመጋረጃ ነው።

ይህ ሁሉ በሳቅ ያልፍ ነበር። ዘንድሮ ግን ልኩ እንጀራው ላይ መጣ።

አካለ ወልድ ቤቱ ቁጭ ብሎ ለአንድ የአዲስ አበባ ድርጅት በኮምፒውተር ይሠራል። ሥራው ሃይፐርቫይዘር የሚሉት ነው፤ አንዱን ትልቅ ኮምፒውተር እንደ ግቢ ሸንሽኖ ለብዙ ተከራይ የሚያድል ፕሮግራም። ከተከራዮቹ መካከል ምስጢረኞች አሉ፤ ክፍላቸውን አከራዩ ራሱ ከፍቶ አያይም። ጥያቄው የእነሱ ሜሞሪ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ማስታወሻ፣ ገጽ በሚሉት ቁራሽ ሲታደል የአንዱ ገጽ ልክ ስንት ይሁን የሚል ነው። ባለ ሁለት ሜጋባይቱ ትልቅ ገጽ ሲፈልጉት ቶሎ ይገኛል፤ ግን ተከራዩ ከውስጡ አንዲት ነገር ለአከራዩ ላሳይ ካለ ሙሉው ይበተናል። ባለ አራት ኪሎባይቱ ትንሽ ገጽ መበተን አያሻውም፤ ብዛቱ ግን! የገጾቹ አድራሻ የሚጻፍበት መዝገብ ተገልጦ አያልቅም። መልሱ እስከ ሰኞ ካልተላከ ሥራው ለሌላ ይሰጣል፤ እሱም ሚስትና ልጁን ትቶ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ መሄዱ ነው።

«አንዱን ምረጣ!» አለች ብሩክታይት።

«መጀመሪያ ልኩ…»

«ተው እንግዲህ! ነገ ሞጣ ነን፤ እህቴ ክርስትና አለባት። ዕቃውን ጠቅልል።»

ጠቀለለ። ከላፕቶፑ በቀር ያለ የሌለውን አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ከትቶ አፉን በመርፌ ሰፋው። «አንድ ዕቃ፣ አንድ ሐሳብ» አለ ኮራ ብሎ።

በማግስቱ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ደብረ ወርቅ ሲደርስ ልጅቷ «ውሃ!» ብላ አለቀሰች። ኩባያዋ ማዳበሪያው ሆድ ውስጥ ነው። ስፌቱ ተተረተረ፤ ብርድ ልብሱ ወጣ፣ ጋቢው ወጣ፣ በመጨረሻ የመጋቤ ልክ ባለ ቀዳዳ የውስጥ ሱሪ የረዳቱ ጭን ላይ አረፈ።

«ጋሼ፣ የዚህስ ልኩ ስንት ነው?» አለ ረዳቱ። ሚኒባሱ በሳቅ ተናጋ።

«ለአንዲት ኩባያ ገመናችንን ሁሉ አሰጣኸው!» አለች ብሩክታይት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና። «የማይነካው በማዳበሪያ ይሰፋል፤ መንገድ ላይ የሚወጣው ቀድሞ በዘንቢል ለብቻው ይያዛል። ይሄ ምን ልክ ያሻዋል?»

አካለ ወልድ ሱሪውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። «ብሩኬ… እስቲ ድገሚው።»

ሞጣ እንደደረሱ የክርስትናው ድንኳን ጥግ ላፕቶፑን ከፈተ። የሚደበቀው በትልልቅ ገጽ፤ ለአከራዩ የሚታየው ከመጀመሪያው ተለይቶ በትንንሽ። ሞከረው፤ ሰመረ። እሑድ ላከ፤ ሰኞ ጠዋት መናኸሪያው ላይ ስልኩ ጮኸ፦ ሥራው የእሱ ነው።

ሲመለሱ ደብረ ወርቅ ላይ፣ ልጅቷ አፏን ሳትከፍት አካለ ወልድ ኩባያዋን ከዘንቢሉ ብድግ አደረገ። ከኩባያው ሥር ለብሩክታይት ከሞጣ የገዛላት ጫማ ነበር። ብታገባው እግሯ ላይ ልክክ አለ።

«እግሬን መቼ ለካኸው?»

«ያልለካሁበት ቀን አለ?»

ብሩክታይት ሳቋን እንዳያይባት ወደ መስኮቱ ዞረች። «ስንት ኪሎ ናት» ያለውን ያን ጊዜ ይቅር አለችው። የኩሽናው በር ግን ሌላ ጉዳይ ነው።