ክቡር ጋሽ ጀይላንና መውጣት እንቢ ያለው ብር

«ነገ ና» ሲባል ሰምቶ ወደ ቤቱ የማይመለስ ሰው በየከተማው አንድ አለ። ሁለት ቢሆኑ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ይዘጉ ነበር። አንድም ባይኖር ደግሞ የማናችንም ጉዳይ አያልቅም ነበር። የከሚሴው ክቡር ጋሽ ጀይላን ናቸው።

ክቡርነታቸው ሠላሳ ዓመት በጨፋ ሮቢት ገበያ የከብት ደላላ ሆነው ኖሩ። ጉልበታቸው ሲደክም ገበያውን ትተው ወንበር ያዙ። የትኛውን ወንበር ቢሉ፣ ጉዳይ ያለበትን ሁሉ። የራሳቸው ጉዳይ ካለቀ ቆይቷል፤ የሚሄዱት በሰው ጉዳይ ነው። ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው «እኔ እንደሁ አልቸኮልኩም» ሲሉ መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ላብ ያጠምቀዋል። አንድ ጊዜ የጎረቤት የውኃ ቆጣሪ ለማስተካከል ሄደው ሦስት ቀን ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ዘበኛው ምሳ ሲወጣ በሩን ለሳቸው አደራ ሰጥቶ ሄደ። ቆጣሪውም ተስተካከለ። ጎረቤትየው በኋላ እንደተናገረው ግን ቆጣሪው ድሮም ደህና ነበር።

ጎረቤታቸው ዓዲላ ይህን ሁሉ ስለምታውቅ ጋሽ ጀይላንን ከሩቅ ስታይ መንገድ ትቀይር ነበር። ሰውየውን ጠልታ አይደለም፤ ሰላምታቸውን ፈርታ ነው። «አካም ጅርታ ዓዲላ፣ ደህና አደርሽ፣ ልጆቹ ደህና፣ ላሚቱ ደህና፣ ዝናቡስ በናንተ በኩል እንዴት ነው?» ይሏታል። በሁለቱ ቤት መካከል ያለው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው።

በሁለት ሺህ አስር ዓመተ ምሕረት ግን መንገድ መቀየር የማይቻልበት ቀን መጣ። ገበያ ባልሆነበት ቀን ላሟን እየሳበች ስትወጣ ጋሽ ጀይላን በር ላይ ቆመው አገኟት። ሰላምታውን አንድም ሳያጎድሉ ጨረሱና ላሚቱን ዞረው አዩ።

«ወዴት ነው?»

«ልሸጣት ነው፣ ጋሽ ጀይላን።»

«ይቺ ላም ትታለባለች። የምትታለብ ላም የሚሸጥ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተታሏል። አንቺ ደህና መሆንሽን አሁን ነግረሽኛል።»

ዓዲላ እዚያው ገመዱን እንደያዘች አለቀሰች። ለማንም ያልነገረችውን ለሳቸው ነገረቻቸው። ልጇ ነዋል ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ፣ ከቤት ወጪ የተረፈውን አርባ ሁለት ሺህ ብር እናቷ ዘንድ በአደራ አስቀምጣ ነበር። ለአረፋ ጠቅልላ ገብታ ሱቅ ልትከፍትበት ነው። ዓዲላም ብሩ ከሚተኛ ይርባ ብላ፣ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ ለሚጠግነው ለከማል ሰጠችው። ከማል በስልክ ወርቅና ዶላር የሚያገበያይ የውጭ ድርጅት አለ ብሏት ነበር። እውነትም ስልኩ ላይ ቁጥሩ በየሳምንቱ ያድግ ነበር። ፊደል የቆጠረችው ካረጀች በኋላ ቢሆንም ቁጥር ማንበብ አያቅታትም፤ እያየች አልሐምዱሊላህ ትል ነበር። ብሩን ላውጣ ስትል ግን ድርጅቱ ጥያቄሽ እየታየ ነው አላት። ወር ቆይቶ ደግሞ ለማውጣት መጀመሪያ ግብር ክፈይ አላት። ላሚቱ የምትሸጠው ለግብሩ ነው።

«ላሚቱን መልሻት» አሉ ጋሽ ጀይላን። «የጠፋብሽን ወይፈን አገኝልሻለሁ ብሎ የፍለጋ ገንዘብ አስቀድሞ የሚጠይቅሽ፣ ወይፈኑን የበላው ራሱ ነው። አሁን ወደ ከማል እንሂድ።»

ከማል ሁለቱን ሲያይ የሚጠግነው ስልክ ከእጁ ወደቀ። «ድርጅቱ ሰው አለው፣ በጽሑፍ ያነጋግራል» አለና መልእክት መጻፊያውን ከፈተ። ጋሽ ጀይላን ወንበር ሳቡ። እንደ ደንቡ መጀመሪያ ሰላምታ አስጻፉ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናብ። መልሱ ዓይን ተከፍቶ ሳይከደን መጣ። ከማል አነበበው፦ «ስለጻፉልን እናመሰግናለን። ለኛ ክቡር ደንበኛ ነዎት።»

«ጨዋ ሰው ነው» አሉ ጋሽ ጀይላን ደስ ብሏቸው። «መልስለት።»

«ጋሽ ጀይላን፣ ስለ ብሩ ልጻፍ?»

«ሰላምታው ሳያልቅ ስለ ገንዘብ ይነሳል እንዴ? የኛን ጤና እስኪጠይቅ ቆይ።»

እንዲህ ሲመራረቁ የከሰዓቱ የዐስር ሰላት ደረሰ። ያ በዚያ ወገን ያለው ሰው ሰላምታ አልሰለቸውም፣ አልተቆጣም፣ ነገ ተመለሱም አላለም። «ወላሂ፣ እንዲህ ያለ የተባረከ ሌባ አይቼ አላውቅም» አሉ ጋሽ ጀይላን። በመጨረሻ ከማል አላስችል አለው።

«ይሄኮ ሰው አይደለም። ማሽን ነው፤ ራሱ ነው የሚመልሰው።»

ጋሽ ጀይላን ስልኩን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። በዕድሜያቸው ከሳቸው ይበልጥ የማይቸኩል ሲገጥማቸው ይህ የመጀመሪያው ነበር።  እኚህም ካልቻሉ ዓዲላ ነዋልን ምን ብላ ልትቀበላት ነው?

«እንግዲያው ገመዱን ማን አስያዘ?» አሉ ቀና ብለው።

በጨፋ ሮቢት ገበያ ደላላው ገመዱን ከሻጭ እጅ ተቀብሎ ለገዢ ያስይዛል። ከብቱ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ፣ ገዢው የቦርከናን ወንዝ ተሻግሮ ሻጭ ፍለጋ አይዞርም። ገመዱን ያስያዘውን ይይዛል፤ ሻጩን ማምጣት የደላላው ዕዳ ነው። ጋሽ ጀይላን ከዚህ ሌላ ሕግ አያውቁም፤ ስልኩ ውስጥ ያለው ገበያ ለምን በሌላ ሕግ እንደሚኖርም አልገባቸውም።

ከማል አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ ያስያዝኩት። እኔ ደግሞ ደሴ ላለው ለአቶ ሸምሱ አስገባሁ። ብር ተቀብሎ ስልኩ ላይ ዶላር የሚሞላልን እሱ ነው።»

ዓዲላ የተጻፈ ነገር አትጥልም። ከማል ያን ጊዜ የሰጣትን የባንክ ደረሰኝ ከመቀነቷ አወጣች፤ የአቶ ሸምሱ ስም ከነአባቱ ተጽፎበታል። በማግሥቱ ጋሽ ጀይላን ከማልን አስከትለው ደሴ ወጡ።

የሆነውን ሁሉ ማታ ማታ በስልክ የሚያወራላት ከማል ነበር። አቶ ሸምሱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ አለው። «ብሩን የያዘው ድርጅቱ ነው፣ እኔ አይደለሁም፣ አባቴ» አላቸው።

«ድርጅቱን እኔ አላውቀውም፣ ልጄ። የማውቀው አንተን ነው። እኔ እንደሁ አልቸኮልኩም» ብለው በሩ ጥግ ተቀመጡ።

አልተሳደቡም፣ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ወደ ቢሮው የሚገባውን ሰው ሁሉ ብቻ ተነስተው ሰላም ይሉታል። የወሎ ሰው ነውና ሰላምታ ረግጦ አያልፍም፤ መልሶ «አባባስ ለምን መጡ?» ይላቸዋል። እሳቸውም እውነቱን ይነግሩታል። «የጎረቤቴ ብር እዚህ ገብቶ ነበር፤ መውጣት እንቢ ብሎ እየጠበቅሁት ነው። አንተስ ልታስገባ ነው?» ሰውየው ልጠይቅ ነው የመጣሁት ብሎ ደረጃውን ይወርዳል።

በአምስተኛው ቀን አቶ ሸምሱ ፖሊስ ጠራ።

«ምን አደረጉህ?» አለ ፖሊሱ።

«ሰላም ይላሉ።»

«ሰላም ካሉስ?»

«ለሁሉም ሰው ነው የሚሉት።»

ፖሊሱ ወደ ክቡርነታቸው ዞረ። ሩብ ሰዓት ያህል ስለ እናቱና ስለ መኸሩ ተጠይቆ፣ መርቀውት ሄደ።

በስምንተኛው ቀን አቶ ሸምሱ ግማሹን ልስጥና ይሂዱልኝ አለ። ግማሹን ተቀብለው፣ ደረሰኝ ላይ አስፈርመው፣ ተመልሰው ተቀመጡ። በዐሥራ አንደኛው ቀን ሌላኛው ግማሽ መጣ። ስልኩ ላይ ሲያድግ የታየው ትርፍ ከነጭራሹ የለም። አርባ ሁለቱ ሺህ ግን አለ።

ነዋል በአረፋ ሳምንት ገባች። ዓዲላ ብሩን አውጥታ ፊቷ አስቀመጠች። ዝም ብላ ብታስረክባት ማን ያውቅባት ነበር? ሁለት ሌሊት ያሰበችው ይህንኑ ነው። ግን አፏ እንቢ አላትና ከላሚቱ ጀምራ እስከ ፖሊሱ ድረስ ነገረቻት። ነዋል ገንዘቡን አልቆጠረችም። 

«እማ፣ ከማል ሌላ ሰው አላስገባም?»

«ዐሥራ አራት ሰው አስገብቷል።»

«እነሱስ?»

 ዐሥራ አራቱ እንደ ዓዲላ አፍረው ቤታቸው ተቀምጠዋል።

ሰኞ ጠዋት ወተት የመሰለ ጭጋግ ከሸለቆው ሳይነሳ ዓዲላ መናኸሪያ ወረደች። እንደጠረጠረችው ጋሽ ጀይላን ደሴ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ናቸው፤ ጉልበታቸው ላይ ከዐሥራ አራቱ ቤት የለቀሟቸው ደረሰኞች በፌስታል ታስረዋል። የላካቸው ማንም የለም። አጠገባቸው ስትቀመጥ ግራ ገባቸው።

«ያንቺ አልቋል። አንቺ ምን ልትሠሪ ነው?»

«እዚያ ቢሮ ሴቶችም ይመጣሉ፣ ጋሽ ጀይላን። አንቱ ወንዶቹን ሰላም ይበሉ። ሴቶቹን እኔ ሰላም ልበላቸው፤ የኔም ገብቶ ነበር ብዬ ልንገራቸው።»

 ክቡርነታቸው ፌስታሉን አነሱና በመስኮቱ በኩል ያለውን ቦታ ለቀቁላት።