ሁለቱ አደዮችና አንዱ ሰሊጤ

ቢጫ አበባ ስታዩ ምን ትላላችሁ? አደይ ብላችሁ ታልፋላችሁ፣ አይደል? እኔም እንደናንተው መሃይም ነበርኩ፤ ባለሙያው እስኪመጣ።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ሰሞን ነው። መተማ ዳር ያለችኝ ማሳ ላይ ሰሊጤን አደይ የሚሉት አረም አንቆታል። ዝናቡ አላባራ ብሎ፣ ጭቃው ጫማ እየበላ፣ እንደምንም ሁለት አራሚ አገኘሁ፤ ባየ ከጎጃም፣ ሰይድ ከወሎ። እነሱም ለአንድ ቀን ብቻ። በማግስቱ ትራክተር ጭኖ አብደራፊ ይወስዳቸዋል። ያን ቀን ካልታረመ ሰሊጥ የለም። ሰሊጥ ከሌለ ዓመቱን ምን ልበላ ነው፣ አደይ?

ገና ጎንበስ ሲሉ አንድ ኮፍያ ያጠለቀ የዕፅዋት ባለሙያ "እንዳትነቅሉ!" እያለ ከጭቃው ጋር እየታገለ መጣ። ጋሼ፣ ይሄ አደይ አንድ አይደለም፤ በጣም የሚቀራረቡ ሁለት ንዑስ ዝርያዎች ናቸው አለኝ። በማጉያ መነጽር አሳየኝ። ሁለቱም ቢጫ። ቅጠላቸውም ያው። ታዲያ በምን ይለያሉ? ፍሬያቸው ጠርዝ ላይ ባለ ጸጉር። ፍሬው መቼ ይደርሳል? በጥቅምት። እሰይ! እስከ ጥቅምትማ አረሙ እኔንም ይውጠኛል። ድልድዩን ተሻግራ ገላባት የበቀለችውስ፣ ሱዳናዊት ናት ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ አሰበ አሰበና "ጥናት ይጠይቃል" አለኝ።

እስከዚያች ሰዓት ሁለቱም አራሚዎቼ ያገኙትን ሲነቅሉ ነበር። ይሄን ሲሰሙ ቀና አሉ።

"ይችማ የኛ የጎጃሟ ናት!" አለ ባየ። "እንቁጣጣሽ ሊገባ እሷን ልነቅል? እጄን ይቁረጠው!"

"ወላሂ የወሎ ናት!" አለ ሰይድ። "እናቴ ደጅ ያለችው ይችው ናት። ያንተዋ እዚያ ማዶ ያለችው ኮሳሳዋ ናት።"

ሥራ ቆመ። ባለሙያው ደስ ብሎት የሁለቱንም ቃል መዘገበ፤ ከዚያ አበባ የማደርቅበት ጋዜጣ ረሳሁ ብሎ ወደ ከተማ ተመለሰ።

ምን ላድርግ? ባየን ጠጋ ብዬ፣ ማሳው መሃል ካለችው ግራር በስተግራ ያለው ሁሉ የወሎ ነው አልኩት። ሰይድን ደግሞ በስተቀኝ ያለው በሙሉ የጎጃም ነው አልኩት። ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ! ትራክተርም እንዲያ አይሠራ። አሥር ሰዓት ላይ ማሳው ውስጥ የቀረው ሰሊጥና ግራሯ ብቻ ነበር።

ባለሙያው ጋዜጣውን ታቅፎ ሲደርስ ራሱን ያዘ። ወዲያው ግን ግራና ቀኝ የተከመሩትን ሁለት ክምሮች አየ። "ጋሼ፣ ፍሬ ሳይዙ በምን ለያችኋቸው?"

"ባለቤቶቹን ጠይቄ" አልኩት።

ጻፈው! ከየክምሩ እፍኝ እፍኝ ወስዶ ለየብቻ ጋዜጣ ውስጥ አስተኛቸው፤ በላያቸውም ስም ጻፈባቸው። የሆነ መደርደሪያ ላይ እስከ ዛሬ ተለያይተው ይኖሩ ይሆናል፣ ምስኪኖች።

ባየና ሰይድ? በማግስቱ ትራክተሩ ላይ ዝናብ ሲይዛቸው አንድ ጋቢ ተከናንበው ሄዱ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲሉ ሰምቼ ነው ያደግኩት። አንበሳውን እንጃ። የእኔ ሰሊጥ ግን፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝና፣ ስላላበሩ ነው የታረመው።