ዜና ዘአባ ሙጫ፦ በጠረጴዛ ላይ የባቡር ዴፖ ስለ ማቅናታቸው

ፀጉር አስተካካዩ ጌታ፣ የመቀስና የማበጠሪያ አዛዥ፣ ንጉሠ ጓዳ ወሐዲድ፣ የሁለት ጣቢያና የአንድ ዋሻ ገዥ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ሙጫ፣ ጓዳይቱን ከአሮጌ ፍራሽና ከተሰበረ ብስክሌት ነፃ አውጥተው በነገሡ በሦስተኛው ዓመት፣ ይኸውም ባለቤታቸው ወይዘሮይቱ የስፌት መኪናቸውን ወደ ሳሎን አዛውረው «በቃ ክፍሉን ውሰደው፣ እኔን ግን ተወኝ!» ብለው ባወጁ በሦስተኛው ዓመት፣ ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ባልደረቀበት ወራት፣ ይህ ታላቅ ሥራ ተጀመረ። እኛም በዓይናችን ያየነውንና ከወይዘሮይቱ አፍ የሰማነውን ሳንጨምር ሳንቀንስ እንጽፋለን፤ ትንሽ ብንጨምርም ለክብራቸው ነው።

ግዛታቸው በአራት እግር ላይ የተጋደመ አሮጌ በር ነበረ። በዚያም በር ላይ ተራራው በጋዜጣና በሙጫ ቆሟል፣ ድልድዩ ተዘርግቷል፣ ከአውራ ጣት የማይረዝመው ጥቁሩ ባቡር፣ የግዛቱ ቁንጮ፣ ፉርጎዎቹን እየጎተተ ይዞራል። የበሩ እጀታ አልተነቀለም ነበርና ከተራራው ግርጌ ብቅ ብሎ ይታያል፤ ቁመቱ ከጥፍር የማይበልጠው የፕላስቲክ ሕዝብም ሐውልት መስሎት ከሥሩ ተሰልፎ ቆሟል።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው። አባ ሙጫ አንድ ታላቅ ወንድም አሏቸው፤ እኒህም ጋሼ የሚባሉት፣ ከሰል የሚበላውንና ጢስ የሚተፋውን እውነተኛውን ባቡር ዕድሜያቸውን ሙሉ የነዱ፣ አባታቸው በሞተ ጊዜ ትንሹን ወንድማቸውን ትከሻቸው ላይ ተሸክመው ያሳደጉ፣ ድምፃቸው ከፉጨት በላይ የሚሰማ ሰው ነበሩ። ባቡሮቹ ቀርተው ዴፖው ከተዘጋ ወዲህ ግን ከመስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው ይውላሉ፤ ሰው ሲያናግራቸው «እህ» ይላሉ፣ ሌላ ሰው ሲያናግራቸውም «እህ» ይላሉ። አባ ሙጫም ደስ ይላቸው ይሆናል ብለው አንድ ቀን ወደ ጓዳ አምጥተው ጥቁሩን ባቡር አስነሡላቸው። ጋሼም ሁለት ዙር ዓይተው፣ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ይህን አወጁ፦

«ጥሩ ነው። ግን ይሄ ባቡር ሥራው ምንድን ነው? ውሃ አይጠጣ፣ ከሰል አይበላ፣ አመድ አያራግፍ። ዝም ብሎ ይዞራል። ዝም ብሎ መዞርማ እኔም ቤቴ እዞራለሁ፣ ለዚህ ብዬ እዚህ ድረስ አልመጣም።»

ይህንም ብለው ኮፍያቸውን ደፍተው ሄዱ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ በጓዳይቱ ደጅ አልገቡም። አባ ሙጫ ክፉኛ አዘኑ። ያዘኑትም ባቡራቸው ስለ ተናቀ አልነበረም፤ ያሳደጓቸው ወንድማቸው ከነሕይወታቸው ከእጃቸው እያመለጡ መሆኑን ስላወቁ ነበር። ደንበኛ ሲላጩ እንኳ ያስቡታል፤ ባንድ ወገን ሪዝ ያሳጠሩበት ሰውም አለ።

ወእምድኅረ ዝንቱ አባ ሙጫ በጓዳው መካከል ቆመው፣ ወይዘሮይቱና ድመቲቱ እየሰሙ፣ እንዲህ ሲሉ አዋጅ ነገሩ፦

«ስማ ስማ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ! ከዛሬ ጀምሮ ዴፖ እሠራለሁ። የውሃ ማማ፣ የከሰል ክምር፣ የአመድ ጉድጓድ፣ ባቡር ማደሪያ፣ አንድ ሳይቀር! ጋሼ ተመልሶ እዚህ ወንበር ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ቼዝ የለም፣ ኳስ የለም፣ ሬዲዮም የለም!»

ወይዘሮይቱም የልብስ ሰፊዎች አለቃ፣ የመርፌና የክር እመቤት፣ ከሳሎን ሆነው የስፌት መኪናውን ሳያቆሙ አጸፋውን አወጁ፦

«ስማኝ አንተ ሰውዬ! የሻይ ማጥለያዬን ብትነካ ወዮልህ! ጥሩውን መቀሴንም እንዳታስበው። ለጋሼ ከሆነ ግን ክር የፈለግከውን ውሰድ።»

ሠራዊቱም ተከተተ። በቀኝ ክንፍ ወረንጦ ከነወንድሞቹ ተሰለፈ፤ በግራ ክንፍ ምላጭ፣ ስለቱ ጢም የሰለቸው፤ በመካከል የአንገት ፀጉር ማራገፊያው ብሩሽ፣ ጠጉሩ ለስላሳ፣ ልቡ ጨካኝ፤ በደጀን ከሱቅ የመጣው ኮላ የሚባለው ነጭ ሙጫ በጠርሙሱ እየተንከባለለ ገባ። ድመቲቱም ማንም ሳይጠራት ዘመተች፤ እርሷም ባለፈው ዓመት በዋሻው ውስጥ ተኝታ የግዛቱን ትራፊክ ግማሽ ቀን ያቆመች ናት።

የውሃው ማማ ከባዶ የፓውደር ቆርቆሮ ቆመ፤ ውሃ ማውረጃ ቧንቧውም ቀለም ያለቀበት የእስክሪብቶ ቀፎ ሆነ፤ በአፉም ላይ ወይዘሮይቱ ከጓንት ጣት ቆርጠው ለስላሳ ከረጢት ሰፉለት። የመሰላሉ መወጣጫ ከማበጠሪያ ጥርስ ተቆረጠ። የባቡሩ ማደሪያ ከጫማ ካርቶን ታነጸ፣ ጢስ እንዲወጣበትም ጣሪያው ተበሳ። ከሰሉ እውነተኛ ከሰል ነበር፤ በመዶሻ ደቅቆ በሻይ ማጥለያ ተነፋ፤ የወይዘሮይቱ አዋጅ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ እንዲህ ተሻረ፣ ማጥለያውም ታጥቦ ሳይታወቅ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ሻዩም በማግስቱ ጠቆር ብሎ ተጠጣ። የአመዱን ጉድጓድ በሐዲዱ መካከል በመሮ ሲቆፍሩ ግን ኃይላቸው ከልክ አልፎ በሩን ወዲያ ማዶ በሱት፤ በቀዳዳውም ዝቅ ብለው ቢመለከቱ፣ የድመቲቱ ዓይን ከታች ወደ ላይ ይመለከታቸው ነበር። ቀዳዳው በካርቶን ተደፈነ፣ ይህም በጽሑፍ እንዳይገባ አዘዙ።

የፈረስ ስማቸውም በዚሁ ዘመቻ ወጣ። ሙጫውን በውሃ አቅጥነው በፀጉር ቤታቸው የውሃ መርጫ ሞክረው፣ መርጫውን ሳያጥቡ ወደ ሥራ ይዘውት ሄዱ፤ በማግስቱም የሠፈሩ ፖስተኛ ለሠርግ ሊስተካከል መጥቶ በዚያው መርጫ ራሱን ተረጨ። ፀጉሩም እንደ ቆመ ደረቀ። ሰውየው ጨዋ ስለሆነ አልተጣላም፤ ነገር ግን ደብዳቤ ባደረሰበት ቤት ሁሉ ምክንያቱን ተጠየቀ፣ እርሱም ሳይደብቅ ተናገረ፤ ከዚያ ወዲህ ሠፈሩ በሙሉ አባ ሙጫ ብሎ ጠራቸው።

ሥራውም ሊያልቅ በቀረበ ጊዜ ወይዘሮይቱ ስልክ አንሥተው ወደ ጋሼ እንዲህ የሚል ጥብቅ አዋጅ ላኩ፦

«ጋሼ፣ እሑድ ከሰዓት ይመጣሉ። አልመጣም ካሉ ራሴ መጥቼ እጅዎን ይዤ በመንገድ አመጣዎታለሁ፣ ሠፈሩ ሁሉ ይየን!»

ከወዲያ በኩል «እህ» ተባለ፤ ይህም እሺ ተብሎ ተተረጎመ።

ወእምዝ የመጨረሻው ጦርነት ሆነ፤ እርሱም የጠጠሩ ጦርነት ነው። ሐዲዱ ግራና ቀኙ ጠጠር እንዲመስል በተነፋ አሸዋ ተሸፍኖ በቀጭን ሙጫ መያዝ አለበት፤ ብልህ ሰው ሙጫውን በጠብታ፣ እንደ ዓይን መድኃኒት ያንጠባጥባል፣ ሐዲዱ የሚከፈልበትን ተንቀሳቃሽ ምላስም ከእርጥበት ይጠብቃል። አባ ሙጫ ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ ራስ ሲያርሱ የኖሩ ናቸውና እጃቸው ጠብታ የሚባል ነገር አያውቅም፤ እርሳቸው ዘንድ ራስ የሚርሰው ከግንባር እስከ ማጅራት ነው፣ የሚከለለውም ጆሮ ብቻ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ፀጉር ቤታቸውን ዘግተው መጡ፤ ማማውን በአንድ መዳፍ፣ የባቡሩን ማደሪያ በወይዘሮይቱ መዳፍ እንደ ሁለት ጆሮ ከለሉና በቀረው አገር ላይ ሙጫውን ያለ ስስት አርከፈከፉት። ጥቁሩ ባቡር ለጌጥ ከማማው ሥር ቆሞ ነበር፣ እርሱም አብሮ ረጠበ። ከዚያም ጠጠሩን አበጠሩት፤ ወደ ኋላም ራቅ ብለው አዩትና፣ ልማድ ሆኖባቸው፣ ከበስተኋላው መስታወት ያዙለት።

ወኮነ በይእቲ ዕለት፣ በእሑድ ማለዳ፣ ጓዳው ቢከፈት፣ ዴፖው ሁሉ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። የሐዲዱ ምላስ ንቅንቅ አይልም። ጥቁሩን ባቡር ቢያነሡት ሐዲዱ አብሮ ተነሣ። ሙጫውም ሲደርቅ ከባቡሩ ጎን ቁልቁል ነጭ መስመር እየሠራ ወርዶ፣ ያ ያማረ ጥቁር ገላ የኖራ ግድግዳ መስሎ ነበር። የመቀስና የማበጠሪያው አዛዥም መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ ከዚህ በኋላ ጋሼ ሁለተኛ እንደማይመጡ ታይቷቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ወይዘሮይቱ ይህን ባዩ ጊዜ የያዙትን ልብስ ጥለው በጓዳይቱ በር ገቡና ይህን አወጁ፦

«ተነሥ እንጂ! ሰው ሞተ እንዴ? ሙቅ ውሃ አምጣ፣ ምላጭህን አምጣ፣ አፍህን ዝጋና ያዝልኝ!»

ወይዘሮይቱም መርፌ ይዘው በምላሱ ላይ ዘመቱ፤ በሙቅ ውሃ እያራሱ፣ እንደ ተበላሸ ስፌት እየተረተሩ፣ ጥቂት ጥቂት እያሉ አላቀቁት። አባ ሙጫም በምላጭ የባቡሩን እግሮች እንደ ሙሽራ ጢም ተጠንቅቀው ላጩ። ባቡሩ ነፃ ወጣ፤ ነጩ መስመር ግን በምንም አልለቅ አለ። እየፈተጉት ሳሉም የደጁ ደወል ተደወለ፤ ጋሼ ከተባለው ሰዓት ቀድመው መጡ፣ የባቡር ሰው ናቸውና።

አባ ሙጫ የገዛ ካፖርታቸውን እንደ መጋረጃ ዘርግተው ጠረጴዛው ፊት ቆሙ። ጋሼም በአንድ እጃቸው ገፋ አደረጓቸውና ጎንበስ ብለው አዩ። የውሃውን ማማ አዩ። የከሰሉን ክምር አዩ። ጥቁሩን ባቡር አንሥተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ በነጩ መስመር ላይም አውራ ጣታቸውን አስኬዱ። ከዚያም በዚያ ከፉጨት በላይ በሚሰማው ድምፃቸው፣ ለብዙ ጊዜ ማንም ያልሰማውን ብዙ ቃል ተናገሩ፦

«ይሄ ኖራ ነው! የውሃ ኖራ! የእኛ ጉድጓድ ውሃ ኖራ ነበረበት፤ ሲሞሉት ይፈስና ሲደርቅ እንዲህ ነው የሚሆነው። የእኔ ባቡር በስተግራው ልክ እንዲህ ነበር፣ ብፈትገው ብፈትገው አይለቅም! ማን ነገረህ ይሄን? ማንም እኮ አያውቀውም!»

የጓዳይቱ ንጉሥ በዕድሜያቸው ዋሽተው የማያውቁ፣ መላጣ ለሆነ ሰው እንኳ መላጣነቱን የሚናገሩ ናቸው፤ አሁን ግን አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። ወይዘሮይቱም መርፌያቸውን በቀሚሳቸው እጥፋት ውስጥ ሸሸጉ። ይህንንም ዝምታ እኛ ከሥራቸው ሁሉ የበለጠ ጥበብ አድርገን ጽፈነዋል።

ኮረንቲ በተሰጠ ጊዜ ጥቁሩ ባቡር ጥቂት ሄዶ ከምላሱ ላይ ሲደርስ ተንፈራፍሮ ቆመ። አባ ሙጫም ጣታቸውን ሊሰዱ ሲሉ ጋሼ እጃቸውን ያዟቸው፦

«ተወው። ይረፍበት፣ ከሥራ ነው የመጣው።»

ካፖርታቸውንም አውልቀው ከግድግዳው ሚስማር ላይ ሰቅለው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳቡና የዴፖውን ሕግ አወጁ፦

«ከሰሉ የተከመረው በማይሆን በኩል ነው፣ ይዛወር። ጉድጓዱ ባዶ ነው፣ አመድ የት አለ? እንዲህ የተጠረገ ዴፖ በሕይወቴ አላየሁም፣ ሆስፒታል ነው እንዴ? አካፋ መሬት ላይ ተጥሎ መታየት አለበት፤ አንድ ሠራተኛም ቁጭ ብሎ መለገም አለበት። ከዛሬ ጀምሮ የዴፖው ኃላፊ እኔ ነኝ። አንተ አመድ ጠራጊ ነህ፣ ከሠራህ ወደፊት እናይልሃለን። እሷ ከሁለታችንም በላይ ናት፣ ሻይ ታጠጣን።»

ወይዘሮይቱም ሻይ የሚጠጣ ሰው ራሱ እንዲያፈላ አወጁ፤ አዋጁም በዚያው ሰዓት በሥራ ላይ ዋለ። አንደኛው አመድ ሲያቦኩ፣ ሁለተኛው ሲቆጡ፣ አመሻሹ ደረሰ። ጋሼም ሊሄዱ ተነሥተው ኮፍያቸውን ደፉ፤ አባ ሙጫ የጋሼን ካፖርት ከሚስማሩ አውርደው ሊያለብሷቸው ቢሉ ግን በእጃቸው መለሱት፦

«እዚያው ይሰቀል። የሥራ ልብስ ነው፣ ነገ እለብሰዋለሁ።»

ስለዚህ ኦ አንባቢ፣ ክብር ይገባቸዋል ለአባ ሙጫ፣ ድንጋይ በሆነ ጠጠር ላይ ለዘመቱ፣ ዙፋናቸውን በአንድ እሑድ ላጡ፣ በገዛ ጓዳቸው ከንግሥና ወደ አመድ ጠራጊነት ለወረዱ! ሹመታቸው ሲገፈፍ እንደርሳቸው የሳቀ ገዥ በየትኛውም ዜና አልተጻፈም፤ ጋሼን ሸኝተው ደጁን ሲዘጉም፣ ያንን በሚስማር የተሰቀለ አሮጌ ካፖርት ቆመው እያዩ፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ከጓዳው አልወጡም።